ስለ ሳንቃ ማኖሪያችን

በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ ስለ ሕፃናት አመጋገብ፥ ስለ ጓዳ ንጽሕናና ስለ ልብስ አያያዝ ብዙ ተጽፎ አንብበናል። እኛ ዛሬ የምናቀርበው ነገር ከነዚህ ሁሉ ያነሰ የሚመስል ነው፤ ይኸውም በቤቱ ውስጥ የእንጨት ሥራ ለሚሠራ ሰው ሳንቃና ጣውላ የት ይቀመጥ የሚል ነው። ጉዳዩ ትንሽ መስሎ ቢታይም በእኛ ቤት የአንዲት ሕፃን እግር የሰበረ፥ በባልና በሚስት መካከልም ለብዙ ወራት ቅሬታ ያኖረ ስለ ሆነ፥ አንባቢዎቻችን ጥቂት ታግሠው እንዲሰሙን እንለምናለን።

አስቀድመን ግን ለአንድ ነገር መልስ እንስጥ። በጽሕፈት ቤት ወንበር ተቀምጦ የሚውል ሰው ከመጋዝና ከመላጊያ ጋራ ምን አገናኘው እያሉ የሚስቁብን ወዳጆች አሉን። ባለ እጅን የመናቅ ልማድ በአገራችን ሥር የሰደደ መሆኑን እኛም አንስተውም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ. ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድበውን ሰው የሚገሥጽ አዋጅ ያስነገሩት በከንቱ አልነበረም። ይሁን እንጂ አዋጅ ከተነገረ ከብዙ ዘመን በኋላ እንኳ የመሥሪያ ቤት ባልደረባችን በእጃችን ላይ የኮላ እድፍ አይቶ «ምነው፥ ታመሃል እንዴ?» ብሎ ጠይቆናል። ከወረቀት ጋራ ሲታገል የዋለ ሰው፥ ማታ አንድ ሳንቃ ልጎ ቀጥ ማለቱን በዐይኑ ሲያይ የሚሰማውን ዕረፍት ያልቀመሰ ሰው ይህን ሊያውቀው አይችልምና አልተቀየምነውም።

ቤታችን የነበረው በአራዳ፥ ውቤ በረሃ በሚባለው ሰፈር ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ ነው ይባላል፤ ኋላም በማታ ጨዋታውና በዘፈኑ ስሙ በአዲስ አበባ ሁሉ ገነነ። የክረምቱን ጭቃ ለሚያውቅ ሰው ግን በረሃ መባሉ ያስቀዋል። ቤታችንም እንደ ብዙው የአራዳ አሮጌ ቤት የባሕር ዛፍ ቋሚ ተተክሎለት፥ ማገር ተማግሮበት፥ በጭድ የተቦካ ጭቃ የተመረገ ነበር። ከተማችን የማገዶና የቤት እንጨት አጥታ መናገሻው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ እንደ ነበረ፥ ከዚያ ያዳናትም ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ እንደ ሆነ ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ በአዲስ አበባ ግድግዳ ላይ ሚስማር የሚመታ ሰው ሁሉ፥ ሳያውቀው ከዚያ ዛፍ ጋራ ጉዳይ አለው። የእኛም መከራ የመጣው ይህን ሳናስተውል በመቅረታችን ነው።

በጓሮ በኩል ቀድሞ ማድ ቤት የነበረ፥ ርዝመቱ አምስት ሜትር፥ ወርዱም ሦስት ሜትር የሚሆን ክፍል ነበረን። ጢስ ያጠቆረውን ግድግዳ በኖራ ቀብተን፥ በመስኮቱ ሥር የመላጊያ ጠረጴዛ አቁመን፥ የሥራ ቤት አደረግነው። መጋዝ፥ መሮ፥ መዶሻና መሰርሰሪያ ስፍራ የሚያጡ ዕቃዎች አይደሉም። ስፍራ የሚያጣው እንጨቱ ነው። አንድ ሳንቃ አራት ሜትር ቢረዝም በቤት ውስጥ እንደ እንግዳ ዘመድ ነው፤ በቆመበት ሁሉ ያስቸግራል፥ ሂድም አይባልም።

በዚያ ቤት የነበሩት ሳንቃዎች ደግሞ ሂድ የማይባሉ ነበሩ። አባታችን፥ ነፍሳቸውን ይማርና፥ ዐሥራ አንድ የዋንዛ ሳንቃ ከጅማ በኩል አስመጥተው ኖሯል። እያንዳንዱ አራት ሜትር ርዝመት፥ ሃያ ሳንቲ ሜትር ወርድ፥ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት አለው። በአንደኛው ጫፍ በእርሳስ «ለልጅ ልጅ አልጋ» የሚል በእጃቸው የተጻፈ ነበረበት። የልጅ ልጅ ግን ገና አልተወለደችም ነበር፤ እርሳቸውም ሳያዩዋት ዐረፉ። ዋንዛ ዛሬ ለሚገዛው ሰው ቀላል ነገር አይደለም። በ1986 ዓ. ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፥ ኮሶን፥ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥት ደን መቁረጥን ስለ ከለከለ፥ ከዚያ አስቀድሞ የተሰነጠቀ ሳንቃ በእጁ ያለው ሰው እንደ አደራ ሊጠብቀው ይገባዋል ብለን እናስብ ነበር። አሳባችን ደኅና ነበር፤ አጠባበቃችን ግን የማያውቅ ሰው አጠባበቅ ሆነ።

በመጀመሪያ ዐሥራ አንዱንም በአንድነት ደራርበን በወለሉ ላይ አኖርናቸው። ወለሉ አፈር ስለ ነበረ በአንድ ክረምት ውስጥ ከታች ያለውን ምስጥ ገባበት። ብናነሣው ውጭው ሳንቃ፥ ውስጡ እንክርዳድ የሞላበት ከረጢት ሆኖ ተገኘ። ዐሥር ቀረ። ከዚህ በኋላ የተረፉትን በግድግዳ ላይ አስደግፈን አቆምናቸው፤ በዚህም አንዱ በራሱ ክብደት እንደ ቀስት ጎበጠና ዘጠኝ ቀረ። ያን ጊዜ ነገሩን መጠየቅና ማንበብ ጀመርን።

እንጨት ከተቆረጠ በኋላም እንደ ሕያው ነገር ነው። በውስጡ ያለውን ውሃ ሲያጣ በቁመቱ ያን ያህል አያጥርም፤ በወርዱ ግን ይሰበሰባል። በክረምት እርጥበት ሲያገኝ እንደ ገና ይሰፋል፤ በበጋ ይመለሳል። በአንድ በኩል ፀሐይ፥ በሌላው በኩል የጭቃ ግድግዳ ጤዛ ቢነካው አንዱ ገጽ ሲሰበሰብ ሌላው ስለሚሰፋ ሳንቃው እንደ ጋሻ ይጎብጣል። ስለዚህ ዋናው ነገር አየር በሁለቱም ገጽ እኩል እንዲደርሰው ማድረግ ነው። በሳንቃና በሳንቃ መካከል ጣት የሚያህል ቀጭን በትር ማግባት፥ በትሮቹንም ከታች ከሚሸከመው ድጋፍ አንጻር በአንድ መስመር ማድረግ ያስፈልጋል። በትሩ ከድጋፉ ወዲያና ወዲህ ከሆነ ግን የላይኛው ሳንቃ የታችኛውን ይጫነውና ሁሉም አብሮ ይወዛወዛል። በአውሮፓ አናጢዎች ዘንድ ለሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት አንድ ዓመት ማድረቅ የሚል የቆየ ልማድ አለ። በእኛ አገር ደግሞ በልጅነታችን በገጠር ዘመድ ቤት ያየነው ነገር ትዝ ይለናል፤ ገበሬው ለሞፈር የመረጠውን እንጨት ከምድጃው በላይ ባለው ቆጥ ላይ ሰቅሎ፥ በጢስ እየታጠነ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ያደርገዋል። ብልና ምስጥም ከጢስ ይሸሻሉ። ያ ገበሬ መጽሐፍ አላነበበም፤ እኛ ግን ካነበብነው ሁሉ የበለጠ ያውቅ ነበር።

እንግዲህ ሳንቃው ከመሬት ይነሣ፥ በግድግዳ ላይም ተጋድሞ ይቀመጥ ብለን ቈረጥን። በ2004 ዓ. ም. በሰኔ ወር ከመርካቶ አራት የብረት መደገፊያ ገዛን፤ ክንዳቸው አርባ ሳንቲ ሜትር፥ ወደ ግድግዳው የሚገባው ክፍል ግን አጭር ነበር። ዐሥር ሳንቲ ሜትር በሚሆን ሚስማር በጭቃው ላይ መታናቸው። ሚስማሩ ወደ ውስጥ ሲገባ አንዳንዱ ማገር ላይ ገጥሞ ጠንከር ሲል፥ አንዳንዱ ደግሞ እንደ ቅቤ ሲገባ ይሰማን ነበር። ይህ ምልክት ነበረ፤ ግን ቸኩለን ነበርና አላስተዋልነውም። ዘጠኙን ዋንዛና ለአንድ አጥር የገዛናቸውን ዐሥራ ሁለት የባሕር ዛፍ ሞራሌ ደረደርንበት፤ ደርድረንም ወደ ኋላ ጥቂት ራቅ ብለን አየነውና ደስ አለን። የዚያን ቀን ባለቤታችንን ጠርተን አሳይተናታል። እርስዋም «ያምራል፤ ግን ይይዘዋል?» አለች። ይይዘዋል አልን።

ያን ጊዜ ቍጥር ብናሰላ ኖሮ እንዲህ ነበር። አንዱ የዋንዛ ሳንቃ ዘጠኝ ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ዋንዛ ቀላል እንጨት ነው። ሞራሌው ግን ባሕር ዛፍ ስለ ሆነ ከዐሥር ኪሎ በላይ ነው። ሁሉም ሲደመር ሁለት ኩንታል አለፈ። ሁለት ኩንታል ጤፍ በሚስማር ጭቃ ላይ ለመስቀል የሚያስብ ሰው የለም፤ ሳንቃ ሲሆን ግን ቀጭንና ረዥም ሆኖ ስለሚታይ ክብደቱ ይረሳል። ደግሞም ክብደቱ ወደ ታች ብቻ አይደለም የሚጎትተው። የመደገፊያው ክንድ እንደ ዲጅኖ ነው፤ ጭነቱ ከግድግዳው በራቀ መጠን የታችኛው ጫፍ ግድግዳውን ይገፋል፥ የላይኛው ሚስማር ግን ወደ ውጭ ይነቀላል። ስለዚህ ሰፊ ክንድ ሲሆን ብዙ ይይዛል ብለን የገዛነው ነገር፥ ሚስማራችንን ለመንቀል የተሠራ መሣሪያ ሆኖ ቈየ።

ሰባት ሳምንት ቆመ። በነሐሴ አንድ ቅዳሜ ጧት ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ነበር፤ የቆርቆሮው ጠርዝ በሚያፈስስበት በኩል ግድግዳው ውሃ ጠጥቶ ነበር። ልጃችን ያን ጊዜ ሰባት ዓመትዋ ነው። ከመላጊያው ሥር በሚወድቀው ፍቅፋቂ ላይ ተቀምጣ፥ የተጠቀለለውን እንደ ጠጉር በራስዋ ላይ እያደረገች መጫወት ትወድ ነበር። እኛ በመላጊያው ጠረጴዛ አጠገብ ጀርባችንን ሰጥተን ቆመናል። በመጀመሪያ የሰማነው ድምፅ ትንሽ ነበር፤ ጭቃ ሲፈረፈር። ዘወር ስንል ግን ከአራቱ መደገፊያ አንደኛው ወጥቶ፥ ሦስቱ ተከታትለው ሲነቀሉ አየን።

ሞራሌዎቹ በጠረጴዛው ላይ ስለ ወደቁ ጠረጴዛው ከፊሉን ያዘላት። አንድ ዋንዛ ግን በጠርዙ በቀኝ እግርዋ ላይ ወደቀ። ጮኸች ብለን ለመጻፍ አንችልም፤ በመጀመሪያ ድምፅ አልነበራትም። እርሱ ነው የሚያስፈራው። ተሸክመናት ወደ ሐኪም ቤት ስንሮጥ በአራዳው መንገድ ላይ ሰው ሁሉ ያየን ነበር፤ በራስዋ ላይ ያለው የፍቅፋቂ ጠጉር አልወደቀም ነበርና። የእግርዋ ሁለት አጥንት ተሰብሮ ተገኘ፥ በጀሶም ታሰረ። ስድስት ሳምንት ተኛች፤ እግዚአብሔር ይመስገን፥ ደኅና ሆነች። በዚያ ዓመት መስከረም ሲጠባ አበባየሆሽ የዘፈነችው በአልጋ ላይ ሆና ነው።

ባለቤታችን ብዙ አልተናገረችም። ሐኪም ቤት በነበርንበት ቀን ማታ እንዲህ አለች፦ «እንጨቱን ሽጠው። የአባትህ አደራ መሆኑን አውቃለሁ፤ አደራው ግን ለማን እንደ ነበረ አንብብ።» በሳንቃው ጫፍ ያለውን የእርሳስ ጽሕፈት ማለትዋ ነው። መልስ አላገኘንም፤ እስከ ዛሬም አላገኘንም። ለመሸጥ ግን እጃችን ዘገየ፤ አንድ ገዢ መጥቶ ዋጋ ተነጋግረን ሳለ፥ ነገ ና ብለን መለስነው። እርስዋም ይህን አውቃ ዝም አለች፤ ዝምታዋም እስከ ኅዳር ድረስ ቆየ።

በሰፈራችን በወጣትነታቸው በፒያሳ ከአንድ የአርመን አናጢ ዘንድ ሙያ የተማሩ፥ ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈ ሽማግሌ ነበሩ። ልጅቱን ሊጠይቁ መጥተው ሻይ ጠጥተው ሲያበቁ፥ የወደቀበትን ስፍራ አሳየኝ አሉን። ገብተው ግድግዳውን በጣታቸው እያንኳኩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዱ። ባዶ ድምፅ የሚሰጥበትንና ጠንካራ ድምፅ የሚሰጥበትን ለይተው በከሰል ምልክት አደረጉ። ከዚያም እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፥ ጭቃው ነፋስ ሊመልስ ነው የተመረገው። ማገሩ ጭቃውን ሊይዝ ነው። ጭነት የሚሸከመው ቋሚው ነው። አንተ ግን ሁለት ኩንታል የሰቀልከው በነፋስ መመለሻው ላይ ነው።» የከሰሉን ምልክት ስናይ አራቱም መደገፊያዎቻችን ከቋሚ ወጪ ኖረዋል፤ አንዱ እንኳ ቋሚ አልነካም።

ቀጥለውም ስለ ኩላብ ነገሩን። በቀድሞ ዘመን በመኳንንት ቤት ጋሻ፥ ጎራዴና ኮርቻ የሚሰቀልበት ኩላብ በተሠራው ግድግዳ ላይ ኋላ የሚመታ አልነበረም አሉ፤ ቤቱ ገና ሲማገር ከቋሚው ጋራ ታስሮ፥ ጭቃው በላዩ ይመረግበት ነበር። ኮርቻ ከነግላሱ ቀላል ነገር አይደለምና። እኛም ይህን ስንሰማ በአያታችን ቤት ያየነው የቀንድ ኩላብ ትዝ አለን፤ ሕፃናት ሆነን ብዙ ጊዜ ተንጠልጥለንበታል፥ አንድ ቀንም አልተነቀለም።

አዲሱ ማኖሪያ የተሠራው በርሳቸው ምክር ነው። ውፍረቱ ዐሥራ ሁለት ሳንቲ ሜትር የሚሆን፥ የደረቀ የባሕር ዛፍ ቋሚ አራት ገዛን። እርጥብ ቋሚ ሲደርቅ ይሰበሰባል፥ ሊሰነጠቅም ይችላል፤ ስለዚህ የደረቀ መሆን አለበት። ቋሚው ገና በመሬት ተጋድሞ ሳለ በእያንዳንዱ ላይ አራት አራት ቀዳዳ በመሰርሰሪያ ወጣ፤ ቀዳዳውም ቀጥ ያለ ሳይሆን፥ የሚገባው ኩላብ ጫፉ ጥቂት ወደ ላይ ቀና እንዲል ሆኖ ነው። ይህም ሳንቃው ወደ ግድግዳው እንዲያዘነብል እንጂ ወደ ሰው እንዳይንሸራተት ነው። ኩላቡን ከወይራ ጠረብን፤ ሠላሳ አምስት ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ይወጣል፤ ከበስተኋላውም ሽብልቅ ተመታበት። ቋሚዎቹን እርስ በርሳቸው አንድ አንድ ሜትር አራርቀን፥ ምስጥና እርጥበት እንዳይወጣባቸው በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አቆምናቸው፤ በላይ በኩል ከጣራው አግዳሚ ጋራ በብሎን አሰርናቸው። በቱንቢ ቀጥ ማለታቸውን፥ በውሃ ልክ ደግሞ ኩላቦቹ እኩል መሆናቸውን ለካን። እንግዲህ ክብደቱ ሁሉ በቋሚው በኩል ወደ ድንጋዩ ይወርዳል፤ ግድግዳው ምንም አይሸከምም፥ ከኋላ ሆኖ ያያል እንጂ።

የአደራደሩም ነገር የራሱ ሥርዓት አለው። ከባዱ ባሕር ዛፍ ከታች፥ ከጉልበት በማይበልጥ ከፍታ ላይ ይሆናል። ዋንዛው በመካከል ነው። ከራስ በላይ ባለው ኩላብ ላይ ከቀጭን ዘንግ በቀር ምንም አይወጣም። አጫጭር ቅሬታ እንጨት ጨርሶ በማኖሪያው ላይ አይቀመጥም፤ በሁለት ኩላብ መካከል ተንሸራትቶ ይወድቃልና በሣጥን ውስጥ ቆሞ ይቀመጣል። ቅሬታ ያልነው ከሥራ የሚተርፈውን ቍራጭ ነው፤ የሌላው ቅሬታ ማኖሪያ ገና አልተገኘለትም ነበር። ሰጋቱራና ፍቅፋቂም ማታ ማታ ተጠርጎ ይወጣል። በጥር 2007 ዓ. ም. የጣይቱ ሆቴል ከፊሉ በእሳት ሲቃጠል ጢሱን ከደጃችን ሆነን አይተናል፤ በውስጡ ደረቅ እንጨት ያለበት አሮጌ ቤት እሳት ሲያገኘው ምን እንደሚሆን ለማወቅ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገንም።

ማኖሪያው በጥር 2005 ዓ. ም. ተፈጸመ። ልጃችን ግን ከወደቀባት ቀን ጀምሮ የሥራ ቤቱን ደፍ አልረገጠችም ነበር። ጠራናት። በሩ ላይ ቆማ ወደ ሳንቃዎቹ እያየች «አንተ ተንጠልጠልበት» አለችን። እንግዲህ የመንግሥት ሥራ ያለው፥ ሰባ ሁለት ኪሎ የሚመዝን ሰው በወይራ ኩላብ ላይ እንደ ሌሊት ወፍ ተንጠለጠለ። «በሌላውም» አለች። በሌላውም ተንጠለጠልን። ከአሥራ ስድስቱ ኩላብ ሰውነታችን ሊንጠለጠልባቸው የሚቻሉትን የላይኞቹን ስምንቱን ሁሉ አስፈተነችን፤ ሽማግሌው በወንበር ተቀምጠው ይስቁ ነበር። በመጨረሻም ባለቤታችን መጥታ ከልጅቱ ኋላ ቆመች። እርስዋም ስትስቅ ከነሐሴ ወዲህ ያን ጊዜ ሰማናት። ልጅቱ ገባች፤ በፍቅፋቂው ላይ ግን አልተቀመጠችም፥ ከማኖሪያው ራቅ ብላ በሣጥኑ ላይ ተቀመጠች። ሣጥኑ ላይ መቀመጥዋን ካደገች በኋላም አልተወችውም፤ ትምህርትዋን ታጠና የነበረው እዚያ ነው።

ሽማግሌው በ2009 ዓ. ም. ዐረፉ። የሣጥናቸውን ክዳን ልጆቻቸው ፈቅደውልን እኛ ላግንላቸው፤ እንጨቱ ዝግባ ነበር።

ስለ አልጋው ነገር እንዳንነሣ አንባቢ ይገረም ይሆናል። አልተሠራም። ዓመት ዓመትን እየወለደ፥ ዘጠኙ ዋንዛ በኩላቡ ላይ እየደረቀ፥ ልጅቱም ከአልጋ ወደ አልጋ እያደገች ዐሥራ አንድ ዓመት አለፈ። አንድ ነገር በደኅና ስፍራ ከተቀመጠ ዘንድ ሰው ይዘነጋዋል፤ ደግሞም፥ እውነቱን ለመናገር፥ የአባታችንን ጽሕፈት የያዘውን ሳንቃ ለመቁረጥ እንፈራ ነበር። ማኖሪያው ሲያምር ለሥራ መሆኑ ቀርቶ ጌጥ ሆነ። እንግዳ ሲመጣ እናሳየው ነበር።

በ2016 ዓ. ም. በየካቲትና በመጋቢት በፒያሳና በዶሮ ማነቂያ በኮሪደር ልማት ሥራ ብዙ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ የእኛም ቤት ከሚነሡት መካከል ሆነ። በእነዚያ ቀኖች በመንገዱ ላይ በርና መስኮት፥ ቆርቆሮና ምሰሶ በአይሱዙ ተጭኖ ሲሄድ ይታይ ነበር። ከመቶ ዓመት ያላነሰ የጥድ በር ለማገዶ ሲሸጥ በዐይናችን አይተን አንዱን ገዛን፤ ሲላግ ሽታው እንደ ትናንት የተቆረጠ ነበር። የምንገባበት ቤት በከተማው ዳር፥ በአራተኛ ደርብ ላይ ነው። ባለቤታችን ሄዳ ለክታ መጣች። ሰገነቱ ሦስት ሜትር ነው። ደረጃው ይጠመዘዛል። ከክፍሎቹም አራት ሜትር ሳንቃ ተጋድሞ የሚቀመጥበት ግድግዳ ያለው አንዱም አልተገኘም፤ ቢገኝም ግድግዳው ባዶ ብሎኬት ስለ ሆነ እንደ ጭቃው ሁሉ ከባድ ጭነት አይሸከምም።

ለዘመድ እንስጠው አልን። በሰው ቤት አደራ እናኑረው አልን። ልጃችን ያን ጊዜ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመትዋ ነው፤ ስንከራከር ሰምታ ስታበቃ ወደ ሥራ ቤቱ ገባች፤ ሜትር ይዛ አንዱን ሳንቃ ከኩላቡ አወረደች፥ በጠረጴዛውም ላይ አኖረች። «ሁለት ሜትር ላይ ይቆረጥ» አለች። እኛ የምንፈራውን ነገር እርስዋ አንድ ጊዜ ተናግራ ጨረሰችው። እናትዋ ሳንቃውን በአንድ ጫፍ ያዘችላት፤ ያን ሳንቃ ስትነካው የመጀመሪያዋ ነው።

ከቤቱ ለመውጣት በቀሩን ቀኖች ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ተቀብለን ከጧት እስከ ማታ ሠራን። ጎረቤት ዕቃውን ሲጭን እኛ መላጊያ እንገፋ ነበርና ሰው ሁሉ አእምሮአችንን ስተን እንደ ሆነ አስቦ ይሆናል። ከዘጠኙ ሰባቱ ለአልጋው ገባ፤ እግሩን ከጥዱ በር አወጣን። በአንድ ዓመት ሊደርቅ ይችል የነበረው እንጨት ከሃያ ዓመት በላይ ስለ ቆየ አንዱም አልተጣመመም፤ መገጣጠሚያው ሁሉ እንደ ተነደፈው ገባ። የእርሳሱ ጽሕፈት ያለበት ጫፍ በራስጌው ውስጠኛ ገጽ ላይ እንዲሆን ልጅቱ ራስዋ መረጠች፤ ሲላግ እንዳይጠፋ በዚያ በኩል መላጊያ አልነካውም። አልጋው በብሎን የሚፈታ ስለ ሆነ በጠመዝማዛው ደረጃ ላይ ያለ ችግር ወጣ።

አራቱን ቋሚ ለጎረቤታችን ልጅ ሰጠነው፤ ለዶሮ ቤት ይፈልገው ነበር። አሥራ ስድስቱን የወይራ ኩላብ ግን ሽብልቃቸውን አውጥተን ይዘናቸው መጣን። ከነዚህ ሁለቱን በአዲሱ ቤት በመተላለፊያው በር ላይ፥ ብሎኬት ሳይሆን የሲሚንቶ ዓምድ ባለበት በኩል፥ ከጠንካራ እንጨት መደብ ጋራ በረዥም ብሎንና በፊሸር አስረን ተከልናቸው። በላያቸው የተረፉት ሁለት የዋንዛ ሳንቃዎች፥ ሁለት ሜትር ሁለት ሜትር ተቆርጠው፥ በመካከላቸው በትር ገብቶ ተቀምጠዋል። ልጃችን በየወሩ አውርዳ አገላብጣ ትመልሳቸዋለች። ለምን እንደምትፈልጋቸው ጠይቀናት ነበር፤ ገና አልነገረችንም።